እንዶድና ፓተንት፤ የሰፊው ሕዝብ ዕውቀት በማን እጅ ይገኛል?

ሕዝባችን ኮሶን ለሆድ ትል፣ እሬትን ለቁስል፣ እንዶድን ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀምባቸው የኖረው የመድኃኒት ፋብሪካ የሚባል ነገር በአገሩ ሳይታወቅ በፊት ነው። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአዋቂ ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በመዝገብ ሠፍሮ፣ በማኅተም ጸንቶ የማንም የግል ሀብት አልነበረም። በዛሬው ዓለም ግን ዕውቀት እንደ መሬትና እንደ ቤት ባለቤት የሚወጣለት፣ የሚሸጥና የሚከራይ ንብረት ሆኗል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌም ከምክርነት አልፎ የሕግ ክብደት ያለው ቃል ለመሆን በቅቷል።

ጉዳዩ ከሞያሌ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አካባቢውን ልብ ብሎ ይመልከት። የመንግሥታት ወሰን ከተማዋን ለሁለት ቢከፍላትም በሽታውም መድኃኒቱም በወሰኑ አይገደቡም። በማንያታ የሚኖር ቤተሰብ ዘመዶቹ ከወሰኑ ባሻገር ናቸው፤ ከብቱ የሚግጠው ሣር፣ ሽማግሌው የሚቆርጠው ሥር በሁለቱም ወገን ይበቅላል። ከፋርማሲ የሚገዛው ክኒን ዋጋ ግን ከወሰኑ በዚህና በዚያ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ልዩነት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሕግና የመድኃኒት ግኝትን ግንኙነት በአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የሥራ ታሪክ አማካይነት ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፓተንት ትርጉም

ፓተንት መንግሥት ለአንድ ፈጣሪ የሚሰጠው የባለቤትነት መብት ነው። ባለ መብቱ የፈጠረውን ነገር ያለ እርሱ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥና ከውጭ እንዳያስገባ ለተወሰነ ዘመን፣ በአብዛኛው አገር ለ20 ዓመት፣ ሊከለክል ይችላል። በለውጡም የፈጠራውን ምሥጢር በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ ይገልጻል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ፈጠራው የሁሉም ይሆናል። መብቱ እንዲሰጥ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ነገሩ ከዚህ በፊት ለሕዝብ ያልተገለጠ አዲስ መሆን አለበት፤ በሙያው የሠለጠነ ሰው በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል መሆን አለበት፤ በሥራ ላይ ሊውልም ይገባል።

በመድኃኒት ረገድ ይህ ሕግ የተለየ ክብደት አለው። አንድን አዲስ መድኃኒት ከላቦራቶሪ አንሥቶ በእንስሳትና በሰው ላይ ፈትኖ፣ ጉዳት እንደማያደርስ አረጋግጦ ለበሽተኛ ማድረስ ብዙ ዓመትና እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከተገኘ በኋላ ግን ለመቅዳት የሚያስቸግር አይደለም። ስለዚህ የመድኃኒት ኩባንያዎች ጥበቃ ከሌለ ያወጣነውን ወጪ አንመልስም፣ ወጪው ካልተመለሰም አዲስ መድኃኒት አይገኝም ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ።

ሆኖም የእውነቱ ሌላ ገጽ መዘንጋት የለበትም። ፓተንት የሚከፍለው ዋጋ የሚመጣው ከገዢው ኪስ ነው። ገዢው ድሃ ሲሆን፣ የበሽታው ሰለባ በወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ፣ ውኃ ቀጂ እናት ወይም እረኛ ሲሆን፣ የ20 ዓመት መብትም ቢሰጠው ኩባንያው ወደዚያ በሽታ ፊቱን አያዞርም። የእንዶድ ታሪክ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል።

በአድዋ ወንዝ የታየው

ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ የሚመጣው በጣም ረቂቅ ከሆነ ትል ነው። የበሽተኛው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ ሲገባ የትሉ ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ ከዚያም በወንዝና በኩሬ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃው የሚዋኘው እጭ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ በውኃው የሚጫወት ሕፃን፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ወንዝ የሚሻገር ወታደር ሁሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። በሽታው ቀስ በቀስ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም ፊኛን ይጎዳል፤ የሕፃናትን ዕድገትና የትምህርት አቀባበል ያደናቅፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቁጥር ከ250 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ገምቶታል።

በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ የቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታዩ ነበር። አጣቢዎቹ ይጠቀሙ የነበረው ሳሙና በአማርኛ እንዶድ፣ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ የሚባለው ቁጥቋጦ ፍሬ ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ነገሩን በላቦራቶሪ መርምረው የእንዶድ አረፋ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ውጤቱንም በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ።

ሥራው በዚህ አልቆመም። በ1966 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ በእርሳቸው ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ምርምሩን ቀጠለ። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለይተው አወጡ፤ በሊቁ ስምም «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር ፍሬው ብዙና ኃይለኛ የሆነውን፣ «ዓይነት 44» በመባል የሚታወቀውን መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች ላይ በተካሄደው ሙከራ ለትምህርት ባልደረሱ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘበት ነገር በቶሎ በዓለም ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመከረው ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ባይሉሳይድ ነበር፤ እርሱም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ኬሚካል ነው። እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንደገና እንዲመረመር ተጠየቀ። ጥንቃቄው በመሠረቱ ተገቢ ነው፤ ይህን ምርመራ ለማካሄድ የሚያስፈልገውን መሣሪያና ገንዘብ ግን ድሃው አገር አልነበረውም። ዶክተር አክሊሉም የአፍሪካ ሳይንቲስቶች በገዛ አገራቸው ያገኙት ውጤት በውጭ ሰው እጅ እስኪደገም ድረስ የማይታመን መሆኑን በየመድረኩ ሲቃወሙ ኖረዋል።

የካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ለጉዳት ምርመራው እርዳታ የሰጠው በ1980ዎቹ ነው። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ «ተለዋጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከመጀመሪያው ግኝት እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አልፏል። በዚህ ሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ በየወንዙ የተወለደ ሕፃን አድጎ፣ ትሉን ተሸክሞ፣ ራሱ የልጅ አባት ሆኗል።

ለምን ኩባንያ አልተገኘም?

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። የጉዳት ምርመራውን ወጪ ችሎ እንዶድን ለገበያ የሚያቀርብ ባለሀብት እንዴት ጠፋ? መልሱ ከላይ በተገለጸው የፓተንት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። እንዶድ ማንም ገበሬ በጓሮው ሊተክለው የሚችል ቁጥቋጦ ነው። ለልብስ ማጠቢያነት ከጥንት የታወቀ ነው፤ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉም በ1965 በይፋ ታትሟል። በይፋ የታወቀ ነገር ደግሞ አዲስ አይባልም። ብቸኛ ባለ መብት ሊሆንበት በማይችል ነገር ላይ፣ ያውም ገዢው ድሃ በሆነበት ገበያ፣ ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ አይገኝም። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ በነጻ የተገለጠው ግኝት ጠባቂም ደጋፊም አጥቶ ቀረ።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል የተፈጸመው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ መካከል በሚገኙት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር የሆነ ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ ተራብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውኃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድን በዚህ እንስሳ ላይ ሞከሩት፤ ገደለውም። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በዚህ አዲስ አገልግሎት ላይ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ዶክተር አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ነገሩን በሚዛን መመልከት ይገባል። ፓተንቱ ኢትዮጵያውያን ልብሳቸውን በእንዶድ እንዳያጥቡ አልከለከለም፤ በሕግ ፊትም ዛጎል ለበሱን መግደል አዲስ አገልግሎት ነበር። ሆኖም የዚህ ሁሉ ዕውቀት ሥር የሆኑት የአድዋ አጣቢዎች ስማቸው በመዝገቡ ላይ የለም። ለሕፃናት ሕይወት 25 ዓመት ደጅ የጠናው ፍሬ፣ የባለጸጋ አገር ቧንቧ በተደፈነ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፓተንት ወረቀት አገኘ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 ሲያርፉ እንዶድ በአፍሪካ ወንዞች ላይ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

የክኒኑ ታሪክ

በዚያው በሽታ ላይ የተገኘው ክኒን ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። ፕራዚኳንቴል የተባለውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት በ1970ዎቹ ያገኙት መርክና ባየር የተባሉ የጀርመን ኩባንያዎች ናቸው። መድኃኒቱ ፍቱን ቢሆንም ዋጋው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። በዚያን ዘመን የደቡብ ኮሪያ የፓተንት ሕግ ጥበቃ የሚሰጠው መድኃኒቱ ለሚሠራበት ዘዴ እንጂ ለመድኃኒቱ ራሱ አልነበረም። ሺን ፑንግ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ በ1983 ያንኑ መድኃኒት በሌላ ዘዴ መሥራት ቻለ፤ ፉክክሩም ዋጋውን አወረደው። እንግዲህ አንድ የሕግ አንቀጽ እንዴት እንደተጻፈ በሩቅ አገር የሚገኝ በሽተኛ መዳን አለመዳኑን ሊወስን ይችላል ማለት ነው።

የክኒኑ ዋጋ ቢወርድም የሕፃናቱ ጉዳይ ሳይፈታ ቆየ። ክኒኑ ትልቅና መራራ በመሆኑ ለጨቅላ ሕፃናት የሚስማማ አልነበረም። ለእነርሱ የሚሆነውን ለማዘጋጀት የመንግሥትና የበጎ አድራጎት ገንዘብ የተሳተፈበት ኅብረት የተቋቋመው በ2012 ሲሆን፣ በኬንያና በኮትዲቯር ተፈትኖ የአውሮፓ መድኃኒቶች ባለሥልጣን ድጋፍ የሰጠው በዲሴምበር 2023 ነው። ትልልቆቹ መድኃኒቱን ካገኙ በኋላ ሕፃናቱ 40 ዓመት ያህል ጠበቁ። የዘገየው ዕውቀቱ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ከፋይ በመጥፋቱ ነው፤ በመጨረሻም ሥራው የተፈጸመው ለትርፍ ሳይሆን ለጤና የሚከፍል የጋራ ገንዘብ በመገኘቱ ነው።

የጽሑፍ ማስረጃ ኃይል

የሕዝብ ዕውቀት በሌላ እጅ ሲገባ ማስመለስ የሚቻልበት መንገድ እንዳለ ሌሎች አገሮች አሳይተዋል። በ1995 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድን ቁስል ለማዳን ስለ መጠቀም ፓተንት ተሰጠው። ሕንዶች እርድን በቁስል ላይ ሲነሰንሱ ከጥንት ኖረዋል። የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ጥንታዊ ጽሑፎችን ማስረጃ አድርጎ ተከራከረ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። ሕንድ ከዚህ ተምራ ባህላዊ የመድኃኒት ዕውቀቷን የየአገሩ የፓተንት መርማሪዎች ሊያዩት በሚችሉት ልዩ መዝገብ አሰባሰበች።

የእኛም የጤፍ ታሪክ ከዚህ የሚዛመድ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በ2005 የጥቅም መጋራት ውል ቢፈራረምም በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የራሱን ፓተንት አስመዘገበ፤ ኩባንያው ከስሮ ሲዘጋ ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ይህ ፓተንት በሆላንድ ዋጋ የሌለው ነው ሲል ወሰነ። ልብ ሊባል የሚገባው ክርክሩ የተካሄደው በሆላንዳውያን ነጋዴዎች መካከል እንጂ በጤፍ ባለቤት ሕዝብ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ያልተሟገተለት መብት በሌሎች ጠብ አጋጣሚ ተመለሰ።

በወሰኑ ግራና ቀኝ ያለው ሕግ

ዛሬ በሁለቱም አገሮች ለዚህ ጉዳይ የወጡ ሕጎች አሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ሥራ የ15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ 5 ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይኖረው የአገሪቱን ዕፅ ለምርምር ሊወስድ አይችልም፤ የማኅበረሰቡ ዕውቀት ሲፈለግም አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ፈቃድ መገኘት አለበት፤ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻ ይገባዋል።

በኬንያ በኩል በ2016 የወጣው የባህላዊ ዕውቀት ጥበቃ ሕግ ማኅበረሰቡን የዕውቀቱ ባለቤት አድርጎ ያውቃል፤ የምዝገባውንም ሥራ ለካውንቲ አስተዳደሮች ይሰጣል። ስለዚህ የማንያታ ነዋሪ ጉዳዩን የሚያቀርበው ለማርሳቢት ካውንቲ ነው። በዓለም ደረጃም በሜይ 2024 በጄኔቭ የጸደቀው ስምምነት በጄኔቲክ ሀብት ላይ ለተመሠረተ ፈጠራ ፓተንት የሚጠይቅ ሁሉ ዕፁ የተገኘበትን አገርና የዕውቀቱን ባለቤት ማኅበረሰብ እንዲገልጽ ያዛል።

በመድኃኒት ዋጋ ረገድም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የዓለም ንግድ ድርጅት እጅግ ያላደጉ ለሚባሉት አባል አገሮች የመድኃኒት ፓተንትን እስከ 2033 መጀመሪያ ድረስ እንዳያስከብሩ ፈቅዷል። ኬንያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አትገኝም፤ ሆኖም በ2001 ባወጣችው የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ ለገበያ የቀረበን ርካሽ መድኃኒት ማስገባት እንዲቻል በር ከፍታለች። በዚያው ዓመት በዶሃ የተሰበሰቡት መንግሥታትም የፓተንት ሕግ የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ ሊያግድ እንደማይገባ በይፋ አረጋግጠዋል።

በተለይ ለወሰን ከተማ ነዋሪ የሚጠቅመው ሐሰተኛ መድኃኒትንና ጀነሪክ የሚባለውን ለይቶ ማወቅ ነው። ሐሰተኛው የውጭ መልኩ መድኃኒት መስሎ በውስጡ ተገቢው ነገር የሌለበት ወይም የጎደለበት ማጭበርበሪያ ነው፤ ሰው ይገድላል። ጀነሪክ ግን ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ይዞ በሌላ አምራች የተሠራ፣ በርካሽ የሚሸጥ እውነተኛ መድኃኒት ነው። በ2008 የወጣው የኬንያ የሐሰተኛ ዕቃዎች መከላከያ ሕግ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሆኖ በመገኘቱ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሦስት ዜጎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2012 ሕጉ ጀነሪክን የሚያግድ ሆኖ ከተተረጎመ የሰውን የመኖር፣ የክብርና የጤና መብት ይጥሳል ሲል ፈረደ።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የሕዝብ ዕውቀት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እንዳይወሰድ ጠባቂ፣ ፍሬ እንዲሰጥም ደጋፊ። ጥበቃ ብቻ ተደርጎ ምርምር ካልታከለበት ዕውቀቱ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል፤ ምርምር ተደርጎ ጥበቃ ካልታከለበት ደግሞ ትርፉ የሌላ ይሆናል። እንዶድ ሁለቱንም በየተራ አጥቷል።

ስለዚህ አንደኛ፣ በቦረና ቆላ የሚበቅሉትን እሬት፣ ከርቤ፣ እጣንና ሌሎችንም ዕፆች ጥቅም የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ዕውቀታቸው በማኅበረሰቡ ስም በሕጋዊ መዝገብ ሊሰፍር ይገባል። የጸሐፊነቱ ሥራ የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ነው። ባለቤትነቱ ከመረጋገጡ በፊት ዝርዝሩን በአደባባይ መበተን ግን ለሌላ አሳልፎ መስጠት እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ቅጠልና ሥር የሚሰበስብ፣ አዋቂዎችን የሚጠይቅ እንግዳ በመጣ ጊዜ የፈቃድ ወረቀቱን ማየት፣ ማኅበረሰቡ የሚያገኘውን ድርሻ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወሰን የሚጠብቀው ወታደርና የጉምሩክ ባልደረባም መሣሪያና ኮንትሮባንድ እንደሚፈትሽ ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚወጣው የዕፅ ናሙና የአገር ሀብት መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። በዲሴምበር 2020 በሞያሌ የተመረቀው የጋራ የድንበር አገልግሎት ማዕከል የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድነት የሚሠሩበት በመሆኑ ለዚህ ቁጥጥር የተመቸ ነው።

ሦስተኛ፣ ነዋሪው መድኃኒት ሲገዛ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ይግዛ፤ የንጥረ ነገሩን ስምና የአገልግሎት ዘመኑን ይመልከት። ርካሽ በመሆኑ ብቻ ጀነሪኩን አይናቅ፤ በታወቀ ስም የታሸገ በመሆኑም ብቻ በገበያ መንገድ ላይ የተዘረጋውን አይመን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መንግሥታት የገዛ ሊቃውንቶቻቸውን ላቦራቶሪ በገንዘብና በመሣሪያ ማጠናከር አለባቸው። በአድዋ ወንዝ ዳር የተገኘውን እውነት አገር ውስጥ በሚታመን ምርመራ እስከ መጨረሻው ማድረስ ተችሎ ቢሆን ኖሮ 25 ዓመት ደጅ መጥናት ባላስፈለገ ነበር። ዛሬም በየቆላው የሚኖሩ አዋቂዎች የያዙት ዕውቀት አስተውሎ የሚመለከተው ተመራማሪ፣ የሚመዘግበው ጸሐፊና እስከ ፍጻሜው የሚደግፈው መንግሥት ይጠብቃል።